የዋርሳዬ ዝምታ

የሞተ ሰው አላማም። ዋርሳዬ፣ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ማለት ነው፣ ከሞተ ብዙ ዓመቱ ነው፤ አላህ ይዘንለት። የሆነውን እንደሆነ መናገር ግን ሐሜት አይባልም። ይባላል የሚል ካለ፣ አፌን ይዤ በኖርኩባቸው ዓመታት መጥቶ ለምን ዝም አልሽ ያለኝ የለምና፣ ዛሬ ለምን ተናገርሽ የማለትም መብት የለውም።

ባለፈው ዓመት አንድ ከሰዓት በኋላ የግቢዬ በር ተንኳኳ። ስከፍተው ሂጃቧን ጥብቅ አድርጋ ያሰረች፣ ጀርባዋ ላይ ቦርሳ ያዘለች ቀጭን ልጅ ቆማለች። ከዓለም ባንክ ሰፈር እንደመጣች፣ ታክሲው አንድ ፌርማታ አሳልፎ አውርዷት ኮልፌን በእግሯ እንደዞረች ሳልጠይቃት ነገረችኝ።

«እማማ፣ ዩኒቨርሲቲ ነው የምማረው። ለዶክትሬት ስለ ሱፊዎች እያጠናሁ ነው።»

«እማማ አትበይኝ። ሱፊዎችም እዚህ የሉም፤ እዚህ ያለሁት እኔ ነኝ።»

«እሺ እትዬ» አለችና ሳቀች። «እርስዎንም ቢሆን አጠናለሁ።»

ሳቋ ደስ አለኝ፤ በሩን ግን ከግማሽ በላይ አልከፈትኩትም። አጥኚ አውቃለሁ። ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ አንዱ ወደ ሰፈራችን መጥቶ ነበር። ፂሙ ገና በቅጡ ያልበቀለ፣ ትሁት፣ በየቤቱ «እህቴ፣ ወንድሜ» እያለ የሚዞር ልጅ። ከየሰዉ በእጅ የተጻፉ የመንዙማ ደብተሮችን «ለሁለት ቀን» እያለ ወሰደ። ከሰጡት ሰዎች አንዳንዶቹ ደብተራቸውን ዳግም ሳያዩ ሞቱ። እሱ ዛሬ ፕሮፌሰር ነው።

«አንድ ድምፅ ብቻ ላሰማዎት» አለች ልጅቱ። «ካላወቁት ወላሂ እሄዳለሁ።»

ሽቦ የሌላቸውን ትናንሽ ማዳመጫዎች በነጠላዬ ሥር ጆሮዬ ውስጥ አደረገችልኝና ስልኳን ነካች።

መጀመሪያ የድቤ ምት መጣ። ከዚያ የዋርሳዬ ድምፅ። ድምፁን አልነሳውም፤ ያ ሰው ሲያዜም የቆርቆሮው ጣሪያ ራሱ የሚሰማ ይመስል ነበር። ሁለት ስንኝ ካለ በኋላ ተቀባዮቹ አዝማቹን አነሱት፤ ሃያ ሠላሳ ወንድ በአንድ ላይ። በዚያ ሁሉ ድምፅ ሥር፣ እንደ ቀጭን ክር፣ አንዲት ሴት የሚቀጥለውን ስንኝ በፍጥነት ስትናገር ይሰማል፦

«መንገዱ ረዘመ፣ እግሬም ዛለብኝ፣
ስምህን ስጠራው ልቤ ቀደመኝ።»

አዝማቹ ሲያልቅ ዋርሳዬ ያንኑ ተቀብሎ በዜማ ይለዋል።

«ሁሌ ትቀድማቸዋለች» አለች ልጅቱ ዓይኗን ከፊቴ ሳትነቅል። «ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ድሮ ሲቀረጽ ማንም አላስተዋለም። እኔ ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ የወንዶቹን ድምፅ ዝቅ ሳደርገው ነው የሰማኋት። እትዬ፣ ማን ናት?»

በሩን ተደገፍኩ። የገዛ ድምፄ ነበር፤ ወጣት፣ ችኩል፣ እሳት የመሰለ።

«አላውቃትም» አልኳት።

ለምን እንደዋሸሁ ብጠየቅ ብዙ ምክንያት አለኝ፤ የሚገባኝን ያህል ብቻ እናገራለሁ። ያ መንዙማ ዛሬም በሰፈራችን በየመውሊዱ በዋርሳዬ ስም ይባላል። ሲጨርሱ ዱዓ ይደረግለታል። እኔም ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ አሚን እላለሁ። አሚን ያለ አፍ ደግሞ እንዴት ብሎ «የኔ ነው» ይላል?

ልጅቱ አልተከራከረችኝም። ከቦርሳዋ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አውጥታ ሰጠችኝ። «ፕሮፌሰራችን የጻፉት ነው፤ ስለዚሁ ካሴት። የኔም አማካሪ እሳቸው ናቸው። መጽሐፉ ውስጥ ‹የወንድማቸው ሚስት› የምትል አንዲት ሴት አለች። የመጣሁትም እሷን ፍለጋ ነው።» የስልክ ቁጥሯን ሽፋኑ ላይ ጽፋ ሄደች።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ልንገር። መንዙማ ነቢያችንን የምናወድስበት ዜማ ነው። በዋርሳዬ ቤት ሐሙስ ሐሙስ ከዙሁር ሶላት በኋላ ሐድራ፣ የመንዙማና የዱዓ ስብስብ፣ ይደረግ ነበር። ወንዶቹ ሳሎን፣ ሴቶቹ ጓዳ፤ በመሃል አበባ ያለበት መጋረጃ። ዋርሳዬ ድምፅ እንጂ የማስታወስ ችሎታ አልተሰጠውም። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ስንኝ ይመጣልኛል፤ ከየት እንደሆነ አልጠየቅኩም። ገጥሜ ስሰጠው መያዝ ስላልቻለ እሱ ድቤውን ይዞ መጋረጃው ጥግ ይቆማል፣ እኔ በጓዳ በኩል እቆማለሁ፣ ተቀባዮቹ አዝማቹን ሲሉ እኔ የሚቀጥለውን እነግረዋለሁ። ሴቶቹ ሁሉ ያውቃሉ። ከወንዶቹም የሚያውቅ ነበር። ማንም አልተናገረም፤ እኔም አልተከፋሁም ነበር፤ ነቢ ይወደሱ እንጂ በማን አፍ የሚለው አላስጨነቀኝም።

ያስጨነቀኝ አጥኚው የመጣ ቀን ነው። ጠዋት ትሪ ይዤ ሳሎን ስገባ ልጁ ዋርሳዬን «እነዚህን ስንኞች ማን ነው የሚገጥማቸው?» ብሎ ጠየቀው። ዋርሳዬ እኔን እያየ፣ እዚያው ቆሜ እያየኝ፣ «ከላይ ነው የሚመጣልኝ» አለ። ልጁ ጻፈ። እኔ ትሪውን አስቀምጬ ወጣሁ።

ለእንግዳው ዳቦ እያቦካሁ ነበር። ሊጡን እያሸሁ አራት አዲስ ስንኝ ገጠምኩ። እጄን በቅጡ ሳልታጠብ ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩት። ለዋርሳዬ አላሳየሁትም።

ከሰዓት ሐድራው ተጀመረ። የአጥኚው ቴፕ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለነበረ ሶኬቱ ያለበት ቦታ አስቀመጠው፤ ሶኬቱ ደግሞ ከመጋረጃው ሥር ነበር። መንዙማው እየጋለ ሄደ። መጨረሻው ላይ፣ የተለመደው ስንኝ ሲያልቅ፣ አዲሶቹን ሰጠሁት። ዋርሳዬ አፉን ከፈተ። ዘጋ። አንድም ቃል አልወጣውም። ተቀባዮቹ አዝማቹን ደገሙ፤ ደግሜ ነገርኩት፤ ዝም። ድቤውን ብቻ መታ፣ መታ፣ ከዚያ በነቢ ላይ በሚወረደው ሰለዋት ዘጋው። ወንዶቹ በስሜት ተይዞ ነው ብለው አለቀሱ። አጥኚውም አለቀሰ።

እንግዶቹ ሲወጡ ዋርሳዬ መጋረጃውን ገልጦ «ሁለተኛ እዚህ ቦታ እንዳላይሽ» አለኝ። ባለቤቴ እዚያው ቆሞ ነበር፤ ጫማውን አየ። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ሐድራ ሲኖር ሥራዬ ከጓሮ ሆነ። ከዚያ በኋላ ገጥሜ እንደሆነም የማንም ጉዳይ አይደለም።

መጽሐፉን ያነበብኩት ከልጅቱ ጉብኝት በማግስቱ ነው። ራሴን ፈልጌ አገኘሁ፦ «መስተንግዶውን የምትከታተል ያልተማረች የወንድማቸው ሚስት»። እኔ ስምንተኛ ክፍል በጥሩ ውጤት ያለፍኩ ነኝ! ሌላ ቦታ ደግሞ «ከመጋረጃው ኋላ የሚያወሩ ሴቶች በቀረጻው ላይ ይረብሻሉ» ይላል። የምናወራ! መጽሐፉን ወርውሬ፣ ተነስቼ አንስቼው፣ እንደገና ገለጥኩት።

ከዚያ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አገኘሁ፤ ርእሱ «ዝምታ» ይላል። ሸኹ፣ ዋርሳዬን ማለቱ ነው፣ በመንዙማው ፍጻሜ ላይ ለምን ዝም እንዳለ ያብራራል። ፈና ላይ ስለደረሰ ነው ይላል፤ ይኸውም ሰው በአላህ ፍቅር ውስጥ ራሱን እስኪያጣ ድረስ መጥፋቱ። ቃል አልቆ ዝምታ ራሱ ውዳሴ ሆነ፣ የአማርኛ መንዙማ ከፍተኛው ደረጃ ይህ ነው፣ የሀገራችን ሱፊዎች ምስጢርም እዚህ ጋ ነው እያለ ገጽ በገጽ ይተነትናል። ሌሎች ምሁራን በዚህ ዝምታ ላይ የጻፉትንም ይጠቅሳል።

ብቻዬን ክፍሉ ውስጥ ሳቅኩ። እንደ ጅል ሳቅኩ፤ ሆዴን ይዤ፣ እንባዬ እስኪወርድ። ሊጥ የሚል ስንኝ ከአፉ አልወጣ ብሎት የተገተረ ሰውዬ ፈና! ስልኩን አነሳሁ።

«ልጄ፣ ነይ።»

«እትዬ? ምን ሆኑ? አመመዎት እንዴ?»

«ሳቅ ነው። እሷ እኔ ነኝ። ዝም ያለበትን ቦታ፣ ያን ቦታ፣ ድምፁን ማጥራት ትችያለሽ?»

በስልኩ ውስጥ ስትጮህ ሰማሁ፤ ታክሲ ውስጥ ነበረች መሰለኝ፣ ሰው «ምነው እህት?» ሲላት ይሰማል።

ከዚያ ቀን በኋላ ልጅነቴ ተመለሰ ብል አላጋነንኩም። በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ ትመጣለች። አንድ ማዳመጫ በእሷ ጆሮ፣ አንዱን በእኔ አድርገን እናዳምጣለን። «ይሄ ሳል የማን ነው?» ትላለች፤ እነግራታለሁ። «ይሄ ጩኸት?» የጎረቤት ፍየል ነው እላለሁ፤ ትጽፋለች። ፍየሏን ሳይቀር ጻፈች! ሰው የኔን ነገር እንዲህ ሲያደርግ አይቼ አላውቅም። ዝምታው ቦታ ስንደርስ በስንት ሙከራ ድምፁ ብቅ አለ፤ አራቱም ስንኝ። ተቃቅፈን ጮህን።

ደብተሬን ግን አላሳየኋትም። አለኝም አላልኳት።

ከዚያ ፊቷ ጠቆረ። «እትዬ፣ ሴሚናር ላይ ማቅረብ አለብኝ። የሚሰሙት ደግሞ እሳቸው ናቸው። የሳቸውን ዋና ምዕራፍ አፍርሼ በምን ዓይናቸው አይተው ያሳልፉኛል?»

«አንቺ ድምፁን ክፈቺ። የሚፈርሰውን እኔ አፈርሳለሁ።»

ለሴሚናሩ የዒድ ቀሚሴን ለበስኩ። ደብተሬን በነጠላዬ ውስጥ ጠቅልዬ ብብቴ ሥር ያዝኩ። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ እንዳትጫነው ራቅ አልኩ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ያ መንዙማ የኔ መሆኑ እንዲጻፍ። በሰው አፍ አይደለም፤ እንዲጻፍ።

አዳራሹ ትንሽ ናት፤ ተማሪዎች፣ ጥቂት አስተማሪዎች። ፕሮፌሰሩ ከፊት ተቀምጧል። ፂሙ አሁን ሞልቶ ነጭ ሆኗል። ሲያየኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተነሳ።

«እናታችን! እንኳን ደህና መጡ።»

«እናትህ አይደለሁም። ብበልጥህ በአምስት ዓመት ነው።»

ተማሪዎቹ ሳቁ። እሱም ፈገግ አለ፤ ግን እንዳላወቀኝ ያስታውቃል።

«የወንድማቸው ሚስት ነኝ» አልኩት። «ያልተማረችው።»

ፈገግታው እዚያው ቀረ።

ልጅቱ ድምፁን ከፈተች። መጀመሪያ እያንዳንዱን ስንኝ ስቀድመው ተሰማ። ፕሮፌሰሩ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰምቶ «ድንቅ ግኝት ነው» አለ። «ነገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልገናል። በየሐድራው ለመሪው የሚያስታውስ ሰው ይኖራል። ማስታወስ መግጠም አይደለም።»

ከሁሉ ያናደደኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም እውነቱን ነው።

«ቀጥዪ» አልኳት ልጅቱን። ዝምታውን ከፈተችው። ድቤው ብቻውን ይመታል፤ ከዚያ ያቺ እሳት የመሰለች ልጅ ከመጋረጃው ኋላ፦

«ከመጋረጃ ወዲህ ቆሜ ብጣራ፣
ብርሃንህ ደረሰኝ ሳይለይ ጎራ።
እጄን ሊጥ ቢይዘው ልቤን ማን ይዞታል፣
ድምፄን የከለለ ናፍቆቴን መች ከልሎታል።»

ፕሮፌሰሩ መነጽሩን አወለቀ። ዝምታውን ያውቀዋል፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲያስተምረው የኖረው ዝምታ ነው።

«ምናልባት…» አለ ቀስ ብሎ፣ «ምናልባት ሸኹ ራሳቸው ቀደም ብለው የገጠሟቸው፣ በዚያች ሰዓት ግን ሊሏቸው ያልቻሉ…»

«ዋርሳዬ ሊጥ አቡክቶ ያውቃል እንዴ?»

ከኋላ አንዱ ሳቁን መቋቋም አቅቶት ፈነዳ፤ ሌሎቹ ተከተሉት። ፕሮፌሰሩ ግን አልሳቀም፤ አልተቆጣምም።

«እሺ። ጽሑፍ አለ? የዚያን ጊዜ የተጻፈ?»

ሁሉም ሰው ወደ ልጅቱ አየ። ልጅቱ አንገቷን ደፋች፤ እንደሌለ ነው የምታውቀው። እኔ ነጠላዬን ፈታሁ። ደብተሩን ሳወጣ «እትዬ!» ስትል ሰማኋት፤ ቅሬታም ደስታም ያለበት «እትዬ»።

ፕሮፌሰሩ እጁን ዘረጋ።

«እጅህን ሰብስብ። በዓይንህ እይ።»

መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ደብተሩን በሁለት እጄ ይዤ ገለጥኩለት። ገጹ ላይ የደረቀ ሊጥ አለ፤ ከወረቀቱ ጋር አንድ ሆኖ ቢጫ ሆኗል። ፕሮፌሰሩ ጎንበስ አለ። አፍንጫው ወረቀቱን ሊነካ ምንም አልቀረው። ከዚያ ያልጠበቅኩት ነገር ሆነ፤ ትንፋሹ ፈጠነ።

«ይሄ ስርዝ ነው» አለ። ለእኔ አይደለም፤ ለራሱ። «እዚህም ስርዝ አለ። እዚህ ሁለት ቤት መምቻ ሞክረው ትተውታል። ከሌላ የሚገለብጥ ሰው እንዲህ አይሰርዝም። እየሠሩት ነው፤ ገጹ ላይ እየሠሩት ነው!» ወደ ተማሪዎቹ ዞረ፤ ፊቱ በርቷል። «ኑ እዩ! አትንኩ፣ እዩ!» ተማሪዎቹ ከበቡኝ። እሱ ጣቱን ወረቀቱን ሳያስነካ በአየር ላይ አንድ ቃል አሳየ። «መጀመሪያ ‹ከግድግዳ ወዲህ› ብለው ነበር። ሰርዘው ‹መጋረጃ› አሉ። ለምን ቀየሩት?»

እንግዲህ እዚህ ጋ ልናዘዝ። ያን ሰው በክፉ ሳስበው የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ያን ቀንም ላዋርደው ነው የሄድኩት። ነገር ግን በሕይወቴ ሙሉ ለምን ይህን ቃል መረጥሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ባለቤቴ አልጠየቀኝም። ሴቶቹ አልጠየቁኝም። ያቺ የምወዳት ልጅ እንኳ የጠየቀችኝ ስለ ሳሉና ስለ ፍየሏ ነው። እሱ ጠየቀኝ።

«ግድግዳ አይንቀሳቀስም» አልኩት። «መጋረጃ ግን ሰው ሲተነፍስበት ይወዛወዛል። እዚያ ቆሜ ስናገር ፊቴ ላይ ይወዛወዝ ነበር።»

አንዲት ተማሪ ስልኳን አውጥታ መቅረጽ ጀመረች፤ ተውኳት።

ፕሮፌሰሩ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። የደከመ መሰለ፤ ዓይኑ ግን እንደ በራ ነው። «መጽሐፉ እንደገና ሊታተም ነው» አለ። «የግርጌ ማስታወሻ አስገባለሁ። ስምዎን ጠቅሼ…»

«ግርጌ አልገባም። እግር ሥር ኖሬያለሁ።»

«እንግዲያው ምን ይሁን?»

«ላይ። የሱ ስም ካለበት ቦታ።»

«ምዕራፉስ?» አለ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ ያኔ «እህቴ» እያለ በየቤቱ ሲዞር የነበረውን ልጅ መሰለ። «የዝምታው ምዕራፍ ምን ይሁን? ብዙ ሰው ከዚያ ተነስቶ ጽፏል።»

አሳዘነኝ ማለት አልፈልግም። ትንሽ አሰብኩ ልበል።

«ዝምታው የሱ ነው» አልኩት። «እሱን አልወስድበትም። መንዙማው የኔ፣ ዝምታው የዋርሳዬ። ለምን ዝም እንዳለ ግን ትክክለኛውን ጻፍ፤ ሊል ስላልፈለገ ነው።»

እስክሪብቶ አወጣ። የካሴቱ መዝገብ ከልጅቱ ወረቀቶች መሃል ነበር፤ «ገጣሚ» ከሚለው ፊት የዋርሳዬ ስም ተጽፏል። ፕሮፌሰሩ በአንድ መስመር ሰረዘው፤ ከላዩ ሊጽፍ ቀና ብሎ ሙሉ ስሜን ጠየቀኝ። ነገርኩት። የራሴንና የአባቴን ጽፎ እስክሪብቶውን ሊከድን ሲል ያዝኩት።

«የአያቴም አለ» አልኩት። «ጻፍ፤ እጠብቃለሁ።»